«ወጥታችኋል» ከተባለ በኋላ

ጠዋት ሐኪሞች ዋርድ ይዞራሉ። አልጋው አጠገብ ቆመው በእንግሊዝኛ ይነጋገሩና አንዱ ወደ አስታማሚው ዞሮ «ዛሬ ትወጣላችሁ» ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው ግማሽ ቀን ሩጫ ነው፤ ካርድ ክፍል፣ ሒሳብ ክፍል፣ ማኅተም፣ ፋርማሲ፣ «ይሄኛው እኛ ጋ የለም፣ ውጭ ፈልጉ»፣ እንደገና ሒሳብ ክፍል። አስር ሰዓት ገደማ ታካሚው አንድ ወረቀት፣ አንድ ፌስታል መድኃኒትና አንድ የቀጠሮ ቀን ይዞ ከግቢው ይወጣል። በሆስፒታሉ መዝገብ ላይ ተሽሎት የወጣ ተብሎ ተጽፏል፤ ጉዳዩ ተዘግቷል።

ቤተሰቡ ዘንድ ግን ጉዳዩ ገና መጀመሩ ነው። እስከ ትናንት ነርስ በሰዓቱ ትሰጠው የነበረውን መድኃኒት ከዛሬ ማታ ጀምሮ የሚሰጠው ልጁ ነው። ቁስሉን የምታጥበው ሚስቱ ናት። ትኩሳቱ ሲጨምር «ይሄ ያለ ነው ወይስ እንመልሰው?» የሚለውን የሚወስነው ጎረቤት ተሰብስቦ ነው። ለዚህ ሥራ ያሠለጠናቸው ሰው የለም፤ ብዙ ጊዜ በቅጡ የነገራቸውም የለም።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አንድ ካርቶን ጓንት ከመጋዘን የሚወጣው በሞዴል 22 ነው። ሰጪ ይፈርማል፣ ተረካቢ ይፈርማል፣ ኮፒው ፋይል ይገባል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሐኪምና ነርስ የደከሙበት፣ ቤተሰቡ በሬውን የሸጠለት ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ ግን ተረካቢ የለውም። ለጓንት ያለው ሥርዓት ለሰው የለም። ታካሚን በደኅና ወደ ቤቱ መመለስ የሕክምናው አካል ነው፤ ርክክብ ያስፈልገዋል። ይህ ርክክብ ደግሞ አገሪቱ የማታውቀው ወይም አቅሟ የማይችለው ነገር አይደለም።

ከወረቀቱ እንነሳ። የመውጫ ማጠቃለያ የሚባለው ወረቀት የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ያውም በአጭር ምልክቶች የታጨቀ እንግሊዝኛ። ለዚህ ምክንያት አለው። ወረቀቱ የተጻፈው ነገ ለሚያየው ሌላ ሐኪም ነው፤ የሐኪሞች መግባቢያ ቋንቋ ደግሞ እንግሊዝኛ ነው። በዚህ የሚጣላ የለም። ጥያቄው ሁለተኛው ወረቀት የት አለ ነው። ለታካሚው፣ ለአስታማሚው፣ ማታ በኩራዝ ወይም በስልክ መብራት መድኃኒት ለምትለየው ልጅ የተጻፈው ወረቀት የት አለ? የለም። ስለዚህ የሰፈሩ አስረኛ ክፍል ተማሪ ይጠራና ወረቀቱን እያገላበጠ ፋርማሲስት ይሆናል።

በመድኃኒቱ ፓኮ ላይ በእስክሪብቶ «1×2» ወይም «1×3» ተብሎ ይጻፋል። ለፋርማሲ ባለሙያው ትርጉሙ «አንድ አንድ ፍሬ በቀን ሦስት ጊዜ» ነው። ማባዛት ለተማረ ልጅ ግን አንድ ሲባዛ ሦስት ሦስት ነው፤ ሦስት ፍሬ በአንዴ መዋጥ ነው። «በየ8 ሰዓቱ» እና «በ8 ሰዓት» መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ፊደል ነው፤ ደክሞት ለሚሰማ አስታማሚ ልዩነቱ የለም። አንደኛው በቀን ሦስት ጊዜ ማለት ነው፣ ሌላው ከምሳ በኋላ አንዴ።

የቀን አቆጣጠሩ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። «5/9» የተባለ ቀጠሮ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ግንቦት 5 ነው። ያው ቁጥር እንግሊዝኛው ወረቀት ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር ተጽፎ ከሆነ ሴፕቴምበር 5፣ ማለትም ነሐሴ 30 ነው። በሁለቱ መካከል አራት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን የቀረው ጊዜ አለ። ከገጠር ተሳፍሮ መጥቶ «ቀጠሮህ ገና ነው» ወይም «አልፎሃል» የሚባል ሰው ሲታይ ሁልጊዜ ጥፋቱን ባለመማሩ ላይ መለጠፍ ይቀናል። ወረቀቱን የጻፈው ግን የተማረው ነው።

የሚገርመው ዋሽንግተን የሚኖር የአማርኛ ተናጋሪ በዚህ ረገድ የተሻለ መብት አለው። በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል እንግሊዝኛ በደንብ ለማይችል ታካሚ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ መሠረቱ በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። አንዲት እናት ከዚያ ሆስፒታል ስትወጣ «በአማርኛ ይነገረኝ» ማለት ትችላለች። እህቷ አዲስ አበባ ከሚገኝ ሆስፒታል ስትወጣ የሚሰጣት ወረቀት እንግሊዝኛ ነው። ከባሌ ወይም ከሲዳማ ገጠር የመጣው ታካሚማ ሁለት ቋንቋ ይሻገራል፤ የቃል ማብራሪያው በአማርኛ፣ ወረቀቱ በእንግሊዝኛ፣ እሱ የሚያስበው በኦሮምኛ ወይም በሲዳምኛ።

ይህ ሁሉ የወረቀት ጉዳይ ብቻ መስሎ ለሚታየው፣ የልብ ሕሙማንን ማየት ይበቃል። በኢትዮጵያ ብዙ ወጣቶችን ለልብ ቫልቭ ችግር የሚዳርገው በልጅነት ከሚይዝ የጉሮሮ ሕመም የሚነሳው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። ዕድል የቀናው ቀዶ ሕክምና ያገኛል። ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ የተገጠመለት ሰው ደግሞ ዕድሜ ልኩን ዋርፋሪን የሚባል ደም የሚያቀጥን መድኃኒት መውሰድ አለበት። ይህ መድኃኒት መሐል መንገድ ላይ መሄድ የሚጠይቅ ነው። ካነሰ ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል፣ ወደ አንጎል ሄዶ ሰውን ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ከበዛ ደግሞ ደም መፍሰስ ያመጣል። ስለዚህ አይኤንአር በሚባል የደም ምርመራ በየጊዜው መጠኑ ይለካል፤ ምርመራው ደግሞ በየወረዳው የሚገኝ አይደለም።

እዚህ ላይ የሚመጣው ጎመን ነው። አዎ፣ የሐበሻ ጎመን። ጎመን ቫይታሚን ኬ የሚባል ንጥረ ነገር በብዛት አለው፤ ይህም የዋርፋሪንን ሥራ ይቀንሳል። መፍትሔው ጎመን መተው አይደለም፤ የሚበሉትን መጠን ከሳምንት ሳምንት አለማናጋት ነው። በሁዳዴ 55 ቀን ጎመን እየበላ ቆይቶ በፋሲካ ማግስት ጨርሶ ወደ ሥጋ የሚዞር ሰው መድኃኒቱን ሳይነካው መጠኑን እንደቀየረ ይቆጠራል። ይህን የሚያውቅ ሐኪም በአንድ ደቂቃ ሊናገረው ይችላል። የውጭ አገር በራሪ ጽሑፍ ግን ስለ ብሮኮሊና ስለ ስፒናች እንጂ ስለ ሁዳዴ አይናገርም።

ከጎመኑ የባሰው ዳይክሎፌናክ ነው። ወገቡን ያመመው ሰው ሰፈር ፋርማሲ ገብቶ «ማስታገሻ» ብሎ ይገዛዋል፤ አይቡፕሮፌንም እንዲሁ። ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው እነዚህ ማስታገሻዎች የጨጓራ መድማትን አደጋ ይጨምራሉ። በፋርማሲው መስኮት በኩል የቆመው ባለሙያ ገዢው የልብ ታካሚ መሆኑን በምን ይወቅ? ታካሚውስ «ዋርፋሪን እወስዳለሁ» ማለት እንዳለበት ማን ነገረው? ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ የወጣት ሴቶቹ ነገር ነው። ዋርፋሪን በተለይ በእርግዝና የመጀመሪያ ወራት ጽንስን ሊጎዳ ይችላል፤ ብድግ ብሎ ማቋረጡም ለእናቲቱ አደገኛ ነው። ስለዚህ ከማርገዟ በፊት ከሐኪሟ ጋር መመካከር አለባት። ሃያ ዓመቷ ላይ ቫልቭ ተቀይሮላት አገሯ የተመለሰች ልጅ በሁለተኛው ዓመት ልትዳር እንደምትችል ማንም ያውቃል። ይህ ወሬ በመውጫዋ ዕለት፣ እናቷ ባለችበት፣ በቋንቋዋ ካልተነገረ ሌላ የሚነገርበት ቀን ላይመጣ ይችላል።

የስኳር ታካሚውም ከዚህ አይርቅም። ያልተከፈተ የኢንሱሊን ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት፤ የተከፈተው ደግሞ በቀዝቃዛ ቦታ ለአራት ሳምንት ያህል ይቆያል። «ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት» የሚለው ምክር ፍሪጅም መብራትም ለሌለው ቤት ምክር አይደለም። በውሃ በራሰ ሸክላ ውስጥ፣ ጥላ ስር ማስቀመጥ ግን ከቆርቆሮ ጣሪያ ሙቀት ብዙ ያድናል፤ በአፋርና በጋምቤላ ሙቀት ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ኢንሱሊኑን ጠዋት ተወግቶ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ስኳሩ ሊወርድ እንደሚችልም መነገር አለበት። ላቡ፣ መንቀጥቀጡና መቀባጠሩ ሲመጣ ነገሩ የስኳር ማነስ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ቤት ውስጥ ከሌለ ሌላ ስም ይሰጠዋል። ሁለት ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ማጠጣት በቂ የነበረው ሰው ራሱን ይስታል።

ስትሮክ መቶት ግማሽ አካሉ የሰነፈ አባት ቤት ሲመለስ ደግሞ ጭነቱ ሁሉ አንድ ሰው ላይ ያርፋል፤ ያ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሴት ልጁ ናት። በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠ ጀርባውና ዳሌው ይቆስላል። ተጋድሞ ውሃ ካጠጡት ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ ቀና አድርጎ፣ በጥቂት በጥቂቱ መሆን አለበት። ነርሶቹ ይህን በየቀኑ ያደርጉታል፣ አስታማሚዋም ዋርድ ውስጥ ወለል ላይ እየተኛች አጠገባቸው ነበረች። በእጇ አድርጋ እንድታሳይ የጠየቃት ግን የለም። ስለ ትራንስፖርቱ ባይነሳ ይሻላል። የወረዳ አምቡላንስ ወላድን ወደ ጤና ተቋም ለማምጣት ብዙ ጠቅሟል፤ ወደ ቤት የሚመልስ ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም። ያ አባት የሚመለሰው በሚኒባስ የኋላ ወንበር ተጋድሞ፣ መኪና ከሚደርስበት ወዲያ ደግሞ በቃሬዛ ነው።

እዚህ ጋ ሐኪሞቹ የሚሰጡት መልስ አለ፤ መልሱም ከባድ ነው። የመውጫ ወረቀቱን የሚጽፈው ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረ ኢንተርን ነው። ድንገተኛ ክፍል ኮሪደር ላይ በስትሬቸር የተኛ ሌላ ታካሚ ያቺን አልጋ እየጠበቀ ነው። አንዱን ቶሎ ማስወጣት ለሌላው ነፍስ ማዳን ሊሆን ይችላል። ልክ ነው። ኢንተርኑን መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ነገር ግን ይኸው ክርክር ወደ ተቃራኒው ይወስዳል። አልጋ ስለጠፋ ቶሎ የሚወጣ ሰው ሕመሙን ጨርሶ የሚወጣ ሰው አይደለም፤ ቀሪውን ሕክምና ቤቱ ይዞት ይሄዳል። አልጋው ባጠረ ቁጥር ርክክቡ መጥበቅ አለበት። ደግሞም በደንብ ያልተነገረው ታካሚ በሦስተኛው ሳምንት ብሶበት ሲመለስ የሚይዘው ያችኑ አልጋ ነው።

አገሪቱ ይህን ሥራ ታውቀዋለች የተባለው ለማጽናናት አይደለም። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ በሆስፒታሎችና በጤና ጣቢያዎች የተዘረጋው አሠራር ታካሚው ከበር ሲወጣ አያልቅም ነበር። መድኃኒት አወሳሰድ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ሰው አለ፤ ብዙዎቹም ቫይረሱ በደማቸው ያለባቸው፣ ራሳቸው መድኃኒቱን የሚወስዱ ሰዎች ናቸው። የቀጠሮ መዝገብ አለ። የቀረ ሰው ይደወልለታል፣ ካልተገኘ ቤቱ ድረስ ይፈለጋል። ወደ ሌላ ከተማ የሚሄድ ታካሚ የዝውውር ወረቀት ይዞ ይሄዳል። በቲቢም እንዲሁ፤ መድኃኒቱን ሲውጥ የሚያየው ሰው ይመደብለታል። ለዚህ ሁሉ የወጣው ገንዘብ በአብዛኛው የውጭ ዕርዳታ እንደነበር አይካድም፤ ዛሬ ያ ገንዘብ እንደ ድሮው አይደለም። አሠራሩ ግን የተማሩት ነገር ነው። መዝገብ መያዝና ስልክ መደወል ዶላር አይፈልግም። ያው ጤና ጣቢያ ለቲቢ ታካሚው የሚያውቀውን ነገር ከአጠገቡ ላለው የልብ ታካሚ እንዳያውቀው የሚያደርገው የፕሮግራም አጥር ብቻ ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። በ1967 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሐምሊን የፊስቱላ ሆስፒታል የዳነችውን ሴት አዲስ ቀሚስ አልብሶ፣ የመሳፈሪያ ሰጥቶ ይሸኛታል። የሚቀጥለውን ልጇን ሐኪም ቤት መጥታ በቀዶ ሕክምና መውለድ እንዳለባት ይነግራታል። ጉዳቷ ሙሉ በሙሉ ላልዳነላት ደግሞ ደስታ መንደር የተባለ መኖሪያ አቋቁሟል። ቀሚሱን እንደ ምጽዋት የሚያይ ሰው ይኖራል። ቀሚሱ ግን ሸትተሽ ተብላ ከሰፈር ለተገለለች ሴት ወደ ሰፈሯ የምትገባበት ሁኔታ ነው። ሆስፒታሉ የታካሚዋን የመመለሻ ቀን ከመምጫዋ ቀን እኩል አስቦበታል።

አሁን ወደ ተረካቢው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ባለሙያ ይዞ ተነስቶ ዛሬ ከ30 ሺህ በላይ ባለሙያዎች አሉት። ቤቱን ታውቀዋለች፣ ውሻውን ታውቀዋለች፣ አማቲቱ አስቸጋሪ መሆኗን ታውቃለች። ያ ሰው ከአዲስ አበባ ሆስፒታል ከወጣ ሁለተኛ ሳምንቱ መሆኑን ግን አታውቅም። የነገራት የለም። ሪፈር የሚባለው መንገድ ወደ ላይ ብቻ የሚፈስ ወንዝ ሆኗል፤ ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ ሆስፒታል። የሪፈር ወረቀቱ ለላኪው ተቋም መልስ የሚጻፍበት ክፍል አለው፤ ብዙ ጊዜ ባዶውን ይቀራል።

በየሆስፒታሉ ላይዘን የሚባል ቢሮ አለ። ሪፈር የሚቀበለውና አልጋ የሚያፈላልገው እሱ ነው። ይህ ቢሮ ለሚገባው ሰው የሚደውለውን ያህል ለሚወጣው ሰው ቢደውል፣ ለሁሉም እንኳ ባይሆን ለሚያሠጋቸው፣ ነገሩ ግማሽ መንገድ ሄደ ማለት ነው። ዋርፋሪን ወይም ኢንሱሊን የጀመረ፣ ስትሮክ የመታው፣ ቁስል ወይም ቱቦ ይዞ የሚወጣ፣ ከአማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ይዞ የሚመለስ፣ ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን የታቀፈች እናት። ለእነዚህ አንድ ገጽ ወረቀት በቋንቋቸው ይሰጣቸው፦ መድኃኒቱ፣ ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ቀጠሮው ከነወሩ ስም፣ «ይህ ከታየ አትጠብቁ፣ ኑ» የሚሉ ሦስት አራት ምልክቶች፣ የሚደወልበት ቁጥር። ነርሷም ከመፈረሟ በፊት አስታማሚዋን «እስቲ አንቺ ንገሪኝ፣ ማታ የምትሰጪው የቱን ነው?» ብላ ትጠይቃት። «ገባሽ?» ሲሏት «አዎ» የማትል ሰው የለችም፤ ነጭ ጋዋን ፊት አልገባኝም ማለት ነውር ሆኖ ነው ያደገችው።

የጤና ኤክስቴንሽኗ ሥራ በዝቶባታል ይባላል፤ እውነት ነው። በፕሮግራሙ መጀመሪያ 16 የሥራ ዘርፎች ተሰጥተዋታል፣ ከዚያም ላይ ተጨምሮባታል። ነገር ግን በአንድ ቀበሌ በአንድ ወር ውስጥ እንዲህ ያለ ከባድ ሕመም ይዞ ከሆስፒታል የሚመለሰው ሰው ብዙ አይሆንም። አንድ ቤት ገብታ የመድኃኒት ፌስታሉን አውጡልኝ ማለት ከብዙ ሪፖርት የበለጠ ሥራ ነው።

ግፊቱ ከየት ይምጣ የሚለው ላይ አንድ አካል ተረስቷል፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኑ። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ የተስፋፋው ይህ መድን አባሉ ደግሞ ሲተኛ ደግሞ ይከፍላል። ያው ሰው ለምን ተመልሶ እንደተኛ የመጠየቅ መብትም ጥቅምም አለው። አሜሪካ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ብዙ ታካሚ የሚመለስባቸውን ሆስፒታሎች ከሜዲኬር ክፍያቸው እስከ 3 በመቶ ትቀንሳለች። ያ ቅጣት ድሃ የሚታከምባቸውን ሆስፒታሎች ይበልጥ ይጎዳል የሚል ተቃውሞ ስለገጠመው እንዳለ መቅዳት አይበጅም። መቁጠር ግን ይቀድማል። ሆስፒታሎች አልጋቸው ምን ያህል እንደተያዘ፣ ታካሚ በአማካይ ስንት ቀን እንደተኛ፣ ስንት ሰው አልጋ ላይ እንደሞተ ሪፖርት ያደርጋሉ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ቤቱ የሞተው ሰው ግን በዚያ ሪፖርት ውስጥ አሁንም ተሽሎት የወጣ ነው።

የመውጫ ቅጹ በሚቀጥለው ጊዜ ሲታተም ከታች ቦታ አለው። የሐኪሙ ስምና ፊርማ፣ ቀን፣ ማኅተም ይላል። ከሱ ሥር አንዲት መስመር ትጨመር፦ የተረካቢ ጤና ጣቢያ ወይም ባለሙያ ስም፣ ስልክ፣ የተደወለበት ሰዓት። ይህች መስመር ባዶ ከሆነች ሒሳብ ክፍሉ መውጫውን አይምታ።